ወገባችሁ የት እንደተነካ ታውቃላችሁ? ለቆየ የወገብ ሕመም የንክኪ ልምምድ በቤት ውስጥ

[ምስል፦ በሆዱ የተኛ ሰው፤ ወገቡ ላይ ዘጠኝ ነጥቦች ተደርገዋል]

ተራኪ፦ የጣት ጫፍ በ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ሁለት ሹል ነገሮች ቢነኩት ሁለት መሆናቸውን ይለያል። ወገብ ላይ ግን ርቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካልሆነ ሁለቱ እንደ አንድ ይሰማሉ። ሕመሙ ከሦስት ወር በላይ የቆየባቸው ብዙ ሰዎች ላይ ደግሞ ርቀቱ ከዚህም ይሰፋል። ችግሩ ከቆዳው አይደለም፤ አንጎል ስለ ወገብ የያዘው ሥዕል ደብዝዞ ሊሆን እንደሚችል ይታሰባል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ድንዛዜ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ የእግር መዛል፣ ትኩሳት ወይም ከከባድ ውድቀት በኋላ የመጣ ሕመም ካለ ልምምዱን ትታችሁ በፍጥነት ወደ ሐኪም ሂዱ።

[ምስል፦ የእስክሪብቶ ክዳንና የጠርሙስ ቡሽ]

ረዳታችሁ በሚታጠብ ቀለም ሦስት በሦስት አድርጎ ዘጠኝ ነጥብ ያድርግ፤ በመካከላቸው 6 ሴንቲ ሜትር ይተው። ያንኑ ወረቀት ላይ ሥሉና ከ1 እስከ 9 ቁጥር ሰጥታችሁ ፊታችሁ አስቀምጡት። ረዳቱ በክዳኑ ጫፍ ወይም በቡሹ 24 ጊዜ ይነካል፤ እናንተ “አራት፣ ሹል” ወይም “ሰባት፣ ሰፊ” ትላላችሁ። ከተሳሳታችሁ ትክክለኛውን ይነግራችሁና እዚያው ቦታ ደግሞ ይነካል። ሦስት ዙር፣ በየመካከሉ 3 ደቂቃ እረፍት።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከረዳቱ ነው። ቁጥሩን በተራ ይከተላል፤ ወይም ቡሹን ጠንከር አድርጎ ይጫናል፣ ያኔ መልሱን የሚናገረው ክብደቱ ይሆናል። ጥያቄው ቀርቶ መነካካት ብቻ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ማሸት ሆነ። ደስ ይላል፤ ልምምድ ግን አይደለም።

ከ24ቱ 20 ስታገኙ ነጥቦቹን በ1 ሴንቲ ሜትር አቀራርቡ፤ ከዚያ ወደ ፊደል እለፉ። በጣት፣ መዳፍ በሚያህል መጠን፣ በ“ተ” እና በ“ዐ” ጀምሩ፦ አንዱ መስቀል፣ ሌላው ክብ ነው። “ሀ” እና “በ” ይቆዩ፤ አፋቸው ወደ ላይና ወደ ታች ከመሆኑ በቀር ስለሚመሳሰሉ ወገብ ላይ ያምታታሉ።

ንክኪው ብቻውን አይበቃም፤ እንቅስቃሴ ይከተለው። በጀርባ ተኝታችሁ ጉልበት እጠፉ፤ መዳፋችሁን ወገባችሁ ሥር አስገቡ። ዳሌያችሁን በቀስታ እያዘነበላችሁ መዳፉን ጫን፣ ከዚያ ለቀቅ አድርጉ፤ 10 ጊዜ። መቀመጫ ከተነሣ በእግራችሁ እየገፋችሁ ነው። ትንፋሽ ከተያዘ ጉልበት በዝቷል፤ ግማሹ ይበቃል።

[ምስል፦ ቀጥ ያለ ዱላ በጀርባ ላይ]

ቀጥሎ ቁሙና ዱላውን የራስ ቅል ጀርባን፣ የትከሻ መሃልንና የጭራ አጥንትን አስነክታችሁ ያዙ። ከዳሌ መጋጠሚያ አጎንብሱ። ከሦስቱ አንዱ ከዱላው ሲለቅ ማጎንበሱን አቁሙ፤ የዛሬው ወሰናችሁ እሱ ነው።

ምን ያህል ይጠቅማል? በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 276 ሰዎችን አሳትፏል። ስለ ሕመም ማስተማርን፣ እንዲህ ያለ የስሜት ልምምድንና እንቅስቃሴን በባለሙያ ለ12 ሳምንት ያገኙት፣ በ18ኛው ሳምንት ከማስመሰያ ሕክምናው ቡድን ይልቅ ሕመማቸው ከ10 በ1 ነጥብ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ትንሽ ነው፤ በሁለት ቀን ለውጥ አትጠብቁ። ከልምምዱ በኋላ የባሰው ሕመም በማግሥቱም ካልለቀቀ የእንቅስቃሴውን ቁጥር ከ10 ወደ 5 አውርዱ፤ የንክኪውን ግን ቀጥሉ።