የጠላቂ የአየር ጌጅ፦ አመራረጡና አያያዙ

በኤይላት ለአማርኛ ተናጋሪ ጠላቂዎችና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ እህቶችና ወንድሞች፤

ከሥራ ውላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከቤር ሸባና ከአሽዶድ ድረስ መንገድ አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ልጆቻቸው ባሕር ሊጠልቁ በሄዱ ቁጥር ስልክ እስኪደወል ድረስ ልባቸው የማያርፍ ወላጆች በመካከላችን እንዳሉ ስለማውቅ፣ ዛሬ የምናገረው ለእነርሱም ጭምር ነው። ጉዳዬ በሲሊንደር ውስጥ ምን ያህል አየር እንደቀረን የሚነግረን የግፊት መለኪያ፣ ብዙዎቻችን በልማድ ጌጅ የምንለው ትንሽ ዕቃ ነው። ግፊቱን የሚቆጥረው ባር በሚባል መለኪያ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ለጠላቂዎች መጎብኛ እንድትሆን ታስቦ እዚሁ ኤይላት ባሕር ውስጥ ወደ ሰጠመችው ሳቲል ወደምትባለው የጦር ጀልባ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ወርጄ ነበር። የያዝኩት ጌጅ የተውሶ ነበር። ጀልባዋን ጎብኝተን ወደ ዳርቻው ስንመለስ፣ 15 ሜትር ገደማ ላይ ሳለን፣ ጠቋሚው 40 ባር እያሳየኝ ትንፋሽ መሳብ ከበደኝ። በጌጁ ላይ እምነት ስለነበረኝ ሬጉሌተሩ፣ ማለትም የሲሊንደሩን ግፊት ቀንሶ አየሩን ለትንፋሽ የሚያቀብለው መሣሪያ፣ የተበላሸ መሰለኝ፤ ሁለት ጊዜ ታግዬ ከሳብኩ በኋላ ግን አየር እንዳለቀብኝ ለጓደኛዬ በእጄ ምልክት አሳየሁት፤ እርሱም ትርፍ መተንፈሻውን ሰጠኝና ተያይዘን ቀስ ብለን ወጣን። ዳርቻው ላይ ሲሊንደሩን ዘግቼ በቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር ሳስወጣ ጠቋሚው 30 ላይ ቆሞ ቀረ። ምንም አየር በሌለበት 30 የሚል ጌጅ፣ 40 ሲል ያለው 10 ብቻ ነው። አንድ ቀን ሲሊንደር ወድቆበት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ ሲሊንደሩን ከመክፈቴ በፊት ጠቋሚው ዜሮ ላይ መሆኑን አንድ ጊዜ ብመለከት ኖሮ በዚያ ጌጅ አልጠልቅም ነበር።

ያን ቀን በእኔ ላይ የደረሰው፣ ቀደምት ጠላቂዎች ዘወትር የሚኖሩበት ነገር ነበር። ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ዘመናዊውን የመጥለቂያ መሣሪያ ከሠሩ በኋላ ለብዙ ዓመታት አብዛኛው ሰው ያለ ጌጅ ነበር የሚጠልቀው። የአየሩ ማለቅ ምልክት የትንፋሽ መክበድ ነበር፤ ትንፋሽ ሲከብድ በሲሊንደሩ ላይ ያለውን ዘንግ ስበው መጠባበቂያውን አየር ይለቃሉ። ዘንጉ ሳይታወቅ ቀድሞ ተስቦ ከሆነ መጠባበቂያ የሚባል ነገር አልቀረላቸውም ማለት ነው። ጌጅ ከዚህ ስጋት አውጥቶናል፤ የሚያወጣን ግን እውነቱን እስከነገረን ድረስ ብቻ ነው።

ለምን እንደሚሳሳት ለመረዳት ውስጡን ማወቅ ይጠቅማል። በጌጁ ውስጥ የተጠማዘዘ ቀጭን የብረት ቧንቧ አለ፤ ግፊት ሲገባበት ሊቃና ይሞክራል፤ ይህ እንቅስቃሴው ጠቋሚውን ያዞረዋል። ይህን ብልሃት ፈረንሳዊው ኤዤን ቡርዶን እ.ኤ.አ. በ1849 በስሙ አስመዘገበ። ባትሪ አይፈልግም፤ ነገር ግን ያ ቧንቧ በምት ከተጣመመ ወይም ጠቋሚው ከቦታው ከተነቃነቀ፣ ጌጁ በውጭ ደኅና መስሎ በውስጡ ሐሰተኛ ይሆናል። ስሕተቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር እንየው። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 200 ባር ሲሞላ በግምት 2,400 ሊትር አየር ይኖረዋል። ከውኃ በላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ሦስት እጥፍ ስለሚሆን በደቂቃ 60 ሊትር ይጨርሳል፤ ይህም በጌጁ ላይ በየደቂቃው 5 ባር ነው። እንግዲህ 10 ባር የተሳሳተ ጌጅ ሁለት ደቂቃ፣ እኔን ያታለለኝ ደግሞ ስድስት ደቂቃ ትንፋሽ ሰርቋል።

ስለዚህ ጌጅ ስትገዙ ከሁሉ በፊት ከዜሮ እስከ 50 ባር ያለውን ክፍል ተመልከቱ፤ መጠባበቂያችን ያለው እዚያ ነውና። ክፍሉ በቀይ የተለየ፣ መስመሮቹ ሰፋ ያሉ፣ በጨለማም ብርሃን የሚሰጥ ፊት ያለው ይሁን። በባር የሚለካውን ምረጡ። ከአሜሪካ ዘመድ ሊጠይቁ የሚመጡ ወገኖቻችን ፒኤስአይ በሚባለው የአሜሪካ የግፊት መለኪያ የሚለካ ጌጅ ይዘው ይመጣሉ፤ 500 ፒኤስአይ ወደ 34 ባር ስለሆነ አብረዋችሁ ሲጠልቁ ማን በስንት እንደሚመለስ በአንድ መለኪያ ተነጋግራችሁ ግቡ። አካሉ የናስ፣ ፊቱ ጠንካራ መስታወት የሆነውን ከፕላስቲኩ አስበልጣለሁ፤ ክብደቱና ዋጋው ቢጨምርም ዕድሜው ይክሳል። ያለ ቱቦ በሬዲዮ ወደ እጅ ሰዓት የሚያስተላልፈው አዲሱ ዓይነት ብዙ ወጣቶችን ማርኳል፤ እኔም እወደዋለሁ። ሆኖም ባትሪው ይደክማል፤ ሬጉሌተሩ ላይ ጎልቶ የሚታየውን ማስተላለፊያም እጀታ የመሰለው ሰው ሲሊንደሩን ሊያነሣበት ይችላል። ሬጉሌተራችሁ ጌጅ የሚገጠምበት የከፍተኛ ግፊት ቀዳዳ ሁለት ካለው፣ በሁለተኛው ላይ ተራውን ጌጅ እንድታስቀሩ እመክራለሁ።

አሁን ወደ አያያዙ ልምጣ፤ ብዙ ጌጅ የሚበላሸው በውኃ ውስጥ ሳይሆን በዳርቻው ነውና።

ሲሊንደሩን ስትከፍቱ የጌጁን ፊት ከራሳችሁም ከሌላም ሰው አዙሩ፤ ቀስ ብላችሁም ክፈቱ። በድንገት የሚገባ 200 ባር ያንን ቀጭን ቧንቧ ይመታዋል፤ ቧንቧው ቢቀደድ ግፊቱ እንዲወጣበት የተሠራውን የኋላ ክዳንም በተለጣፊ ወረቀት አትሸፍኑ። በነሐሴ ፀሐይ የቆየ ሲሊንደር የሚያሳየውን ቁጥር አትመኑ፤ የሙቀት መጠኑ በአንድ ዲግሪ ሲቀንስ ከ200 ባር ላይ 0.7 ያህል ስለሚወርድ፣ ከውጭ 210 ያላችሁት ውኃ ሲነካው 200 ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሲሊንደሩ እንጂ የጌጁ ጥፋት አይደለም።

በእያንዳንዱ ትንፋሽ ጠቋሚው ወረድ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሲሊንደሩ ቫልቭ በደንብ አልተከፈተም፣ ወይም የሬጉሌተሩ ማጣሪያ በዝገት ተደፍኗል። ከመግባታችሁ በፊት ጌጁን እያያችሁ ሦስትና አራት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱ፤ ጠቋሚው ከተንቀጠቀጠ አትግቡ።

የዚህ ባሕር ጨው ከፍተኛ ነው፤ በአንድ ኪሎ ውኃ ውስጥ 40 ግራም ገደማ ሲሆን በውቅያኖስ ግን 35 ያህል ነው። ስለዚህ ከመጥለቅ በኋላ በንጹሕ ውኃ ላይ ላዩን ማጠብ አይበቃም። ጌጁን የሚሸፍነውንና የቱቦውን ጫፍ የሚከልለውን ጎማ ወደ ኋላ ሳቡና ሥሩን እጠቡ፤ ለመከላከያ የተደረገው ጎማ ጨው የሚጠራቀምበትና ዝገት የሚደበቅበት ቦታ ሆኖ በተደጋጋሚ አግኝቼዋለሁ። ቱቦውና ጌጁ በሚገናኙበት አንገት ላይ ጥቃቅን አረፋ ካያችሁ፣ በውስጡ ያሉት ኦሪንግ የሚባሉት ሁለት ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አልቀዋል ማለት ነው፤ ዋጋቸው ርካሽ ነው፣ በባለሙያ አስቀይሯቸው። ወላጆች ስለ ቱቦ መፈንዳት ደጋግመው ይጠይቁኛል። የከፍተኛ ግፊቱ ቱቦ አየር የሚቀበለው እጅግ በጠበበ ቀዳዳ ስለሆነ፣ ቢፈነዳ ድምፁና አረፋው ያስደነግጣል እንጂ ሲሊንደሩን ወዲያው ባዶ አያደርገውም፤ ጠላቂው ከጓደኛው ጋር ተረጋግቶ ለመውጣት ጊዜ አለው።

ጌጁን ከታች አንጠልጥላችሁ አትዋኙ። በኮራል ቢች የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ኮራል ሲሰባብር አይቻለሁ፤ ጌጁም ራሱ በዚያው ይጎዳል። በማንጠልጠያ በግራ ጎናችሁ አስሩት። ዳርቻ ላይም ሲሊንደሩን ሳትደግፉ አቁማችሁ አትሂዱ፤ ሲወድቅ ጌጁ ሥር ከሆነ ምን እንደሚከተል ነግሬያችኋለሁ።

ከንግግሬ በኋላ በስተጀርባ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሙሉ ሲሊንደርና ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ ጌጅ አዘጋጅቻለሁ። ይዛችሁ የመጣችሁትን ጌጅ በየተራ እያገናኘን፣ በመጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎም በ200፣ በ100ና በ50 ባር ላይ ከዚያ ጋር እናስተያየዋለን። ተራ የሚይዝ ሰው አሁን እጁን ያውጣ።