«ቴሌስኮፕ አላችሁ?»

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ ክበባችን ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

ኮከብ የምናይበት ክበብ አለን ስለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ቴሌስኮፕ አላችሁ?» ብሎ ነው። አለችን። ትንሽ ናት ግን አለችን። ከዚያ «እኔም ቴሌስኮፕ ስገዛ እቀላቀላችኋለሁ» ይለኛል። እዚህ ጋ ነው የማልስማማው። ስንት ሰው ነው ይሄን ብሎ የቀረው!

እኔ የማውቃቸው የፈዘዙ ክበቦች መሣሪያ አጥተው አይደለም የፈዘዙት። ከአዳራሽ ስለማይወጡ ነው። ባነር አለ፣ ፓወርፖይንት አለ፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፊኬት አለ። ስለ ብላክ ሆል ሁለት ሰዓት ይወራል፣ ከዚያ ሁሉም ታክሲ ሊይዝ ሲሯሯጥ ጁፒተር አናቱ ላይ ቦግ ብሎ እያበራ ማንም ቀና ብሎ አያይም።

ወሬ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 የመሠረቱት 47 ሰዎች ናቸው፣ የጀመሩትም በማውራት ነው። ያኔ «ድሃ አገር በጠፈር ምን አገባት» ተብለዋል። ዛሬ እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ደግሞ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ተወነጨፈች። የኔ ቅሬታ እንደኛ ላለው ለትንሹ፣ ለአማተሩ ክበብ ነው። እኛ ሳተላይት አናመጥቅም። ያለን ሥራ ውጭ ወጥቶ ማየትና ማሳየት ነው።

እኛ የምንወጣው ጨረቃ በማትኖርበት ሰሞን፣ ቅዳሜ ማታ ነው፣ ከከተማ ራቅ ብለን። ጋቢ ያልያዘ ሌሊቱን ሲያማርር ያድራል። ሻይ በፔርሙዝ፣ ቆሎ በፌስታል። ባትሪ ላይ ቀይ ፕላስቲክ እንለጥፋለን፣ ምክንያቱም ዐይን ጨለማውን በደንብ እስኪለምድ 20፣ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ቀይ ብርሃን ደግሞ ብዙም አይረብሸውም። አንዱ ስልኩን ቦግ ካደረገ የሁሉም ልፋት ገደል ገባ። ክበባችን ውስጥ እስከ ዛሬ የተነሳ ከባድ ጠብ ሁሉ በስልክ ብርሃን የተነሳ ነው (እየሳቅኩ ነው ግን እውነቴን ነው)።

ክረምቱን ተዉት። ነሐሴ ላይ የሌላ አገር ሰው ስለ ፐርሲድ ተወርዋሪ ኮከቦች ሲያወራ እኛ የምናየው ደመና ነው። ታኅሣሥ 4 እና 5 አካባቢ የሚመጣው ጀሚኒድ የሚባለው ተወርዋሪ ኮከብ ግን የኛ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር። ለሱ ቴሌስኮፕ ጭራሽ አያስፈልግም፣ ምንጣፍ ዘርግቶ ጋደም ማለት ነው።

ደግሞ አገሩን እዩልኝ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ናት። ስለዚህ ግንቦት ላይ፣ ደመና ካልገባ፣ በአንድ ምሽት በሰሜን በኩል የዋልታውን ኮከብ፣ በደቡብ በኩል የደቡብ መስቀልን ማየት ይቻላል። ለንደን ያለ ሰው መስቀሉን አያየውም፣ ኬፕታውን ያለ ደግሞ የዋልታውን ኮከብ አያየውም። የኛ የዋልታ ኮከብ ዝቅ ያለ ስለሆነ እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው ተራራው ሊጋርደው ይችላል፣ ለዚያም ነው ወጣ የምንለው።

ስንወጣ የአካባቢው ሰው ይመጣል። አንድ ጊዜ አንድ አባት፣ ዱላቸውን ይዘው፣ «ልጆቼ፣ ምን ጠፋባችሁ?» አሉን። «ጋሼ፣ ኮከብ ልናይ ነው የመጣነው» አልናቸው። «እናንተ አገር ኮከብ የለም እንዴ?» አሉ። ምን ይባላል! የለም። በመብራት ያጠፋነው እኛው ነን። ባለ ቀለበቷን ፕላኔት ሳተርንን ስናሳያቸው ከቱቦው ፊት ለፊት ዞረው ሥዕል ለጥፈን እንደሆነ ፈተሹ፣ ከዚያ ቤታቸው ሄደው ልጆቹን ሁሉ ቀስቅሰው አመጡ።

ሚሊሻም ይመጣል። በጨለማ ቱቦ ተክላችሁ ስትንሾካሾኩ ባይመጣ ነው የሚገርመው። የድጋፍ ደብዳቤ ይዘን ነው የምንሄደው፣ እናንተም ያዙ። ግን ከደብዳቤው ይልቅ «እስቲ አንዴ ይዩ» ማለት ብዙ ነገር ያቀላል።

ደግሞ «ኮከቤን ንገሩኝ» የሚል አይጠፋም። «ስሜንና የእናቴን ስም ልስጣችሁ?» ይላል። መጀመሪያ እናደድ ነበር፣ «እኛ ዐውደ ነገሥት አይደለንም» እያልን። አሁን ትቼዋለሁ። በምንም ይምጣ፣ ሰልፉ ላይ ከቆመ የሳተርንን ቀለበት አይቶ ይሄዳል።

ስለ ሰልፍ ካነሳሁ፣ ጆን ዶብሰን የሚባል ሰው ነበር፣ አሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ገዳም ይኖር የነበረ። ከተጣለ ዕቃና ከእንጨት ትልልቅ ቴሌስኮፖች እየሠራ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ከወጣቶች ጋር ሆኖ የእግረኛ መንገድ ላይ አላፊ አግዳሚውን ማሳየት ጀመረ። ዛሬ በርካሽ የሚሠሩት ቴሌስኮፖች በስሙ ነው የሚጠሩት። እኔ ይሄንን አራት ኪሎ ላይ ብናደርገው ነው የምለው። ለጨረቃና ለጁፒተር እኮ ጨለማ አያስፈልግም፣ የመንገድ መብራት አይበግራቸውም። ክበባችን ውስጥ «ሰው መሣሪያውን ይሰብረዋል» የሚሉ አሉ። ይስበረው። ሳጥን ውስጥ ሆኖ ከሚሻግት።

አቅም ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ባይኖኩላር ግዙ። ምን ታያላችሁ? ቡናን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር አገሮችን ለኮከብና ለፕላኔት ስም አውጡ ብሏቸው ነበር። ኤችዲ 16175 የሚባለው ኮከብ ለኢትዮጵያ ደረሰና «ቡና» ተባለ፣ ፕላኔቱ «አቦል»። ያለው አንድሮሜዳ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ነው፣ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የተባለችው። በባዶ ዐይን አይታይም፣ በባይኖኩላር ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ታገኙታላችሁ። አቦልን አታዩትም፣ የቡና ብርሃን ይውጠዋል። እኛ ጋ ቡናን መጨረሻ ያገኘ ሰው ለሁሉም ይቀዳል። በየዓመቱ የሚቀዳው ያው አንድ ሰው ነው፣ ስሙን አልጠራም።

ከመዝጋቴ በፊት፣ ግርዶሽ። ሰኔ 14 ቀን 2012 የነበረውን ታስታውሱታላችሁ፣ እሑድ ጠዋት፣ ኮሮና ላይ፣ ላሊበላ አካባቢ ቀለበት ሆኖ የታየውን። አዲስ አበባ ፀሐይ የተገመሰች ጨረቃ መስላ ነበር፣ ዛፍ ሥር ብትቆሙ በቅጠሉ መሃል የሾለከው ብርሃን ሁሉ መሬት ላይ ትንንሽ ጨረቃ ሆኖ ይታይ ነበር። በራጅ ፊልም ያያችሁ፣ እባካችሁ አትድገሙት፣ ዐይን ያጠፋል።

ቀጣዩ ትልቅ ነው፣ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 26 ቀን 2019፣ ሰኞ። ለኛ አገር ከፊል ነው፣ ያውም ደመናው ከፈቀደ። ሉክሶር፣ ጅዳ፣ መካ ግን ሙሉ በሙሉ ይጨልማል፣ ጅዳ ላይ ወደ 6 ደቂቃ። ጅዳ ያላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የምትሰሙኝ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፣ ሰው ዓለምን አቋርጦ የሚሄድለት ነገር በረንዳችሁ ላይ ይመጣላችኋል። የግርዶሽ መነጽር ሳይወደድ ግዙ። ፀሐይዋ ሙሉ በሙሉ እስክትሸፈን አታውልቁት፣ ጫፏ ብቅ ስትል መልሳችሁ አድርጉት። ሥራ ላይ ከሆናችሁም ለዚያች 6 ደቂቃ አሠሪዎቻችሁን ከአሁኑ አስፈቅዱ። ከዚያ ያያችሁትን በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝ፣ እዚሁ አሰማዋለሁ። በሉ ቻው።