ዳማ እና ተኩሱ

እሺ ሰላም ናችሁ። ዛሬ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የምቀዳው፣ ከኋላ የምትሰሙት ትንፋሽ የውሻዬ የዳማ ነው፣ ተኝታለች፣ ጆሮዋ ሁሉ ጭገጎት ይዞታል። ስለ ተኩሱ ነገር፣ ማለቴ ዳማን ከተኩስ ድምፅ ጋር እንዴት እንዳላመድናት ላወራችሁ ቃል ገብቼ ነበር፣ ሰሞኑን ደግሞ ቡችላ ገዝተው አደን ሊጀምሩ ያሰቡ ሁለት ሦስት ልጆች ደውለውልኛል፣ እኔ ያጠፋሁትን እንዲያጠፉ አልፈልግም።

ለማታውቁ፣ የምኖረው ሱ ፎልስ ነው፣ ሳውዝ ዳኮታ። እዚህ የኦክቶበር ሦስተኛው ቅዳሜ እንደ ዓመት በዓል ነው፣ የፌዛንት አደን የሚከፈተው ያን ቀን ነው። ፌዛንት ማለት የኛን ቆቅ ውሰዱና አሳድጉት፣ ረጅም ጅራት ስጡት፣ አውራው አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት አለው። በቀን ሦስት አውራ ነው የሚፈቀደው፣ ሴቷን መምታት ክልክል ነው። እና ወፉ የዚህ አገር እንኳን አይደለም እኮ፣ ዘሩ ከቻይና ነው፣ እዚህ ተለቆ የተራባው በፈረንጆቹ 1900ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ መጀመሪያ አደን የተፈቀደው በ1919 ስፒንክ ካውንቲ ውስጥ ለአንድ ቀን ብቻ ነበር፣ በ1943 የስቴቱ ወፍ አደረጉት። ከሌላ አገር መጥቶ እንዲህ የራሳቸው ያደረጉት ነገር መሆኑ እኔን ሁሌ ደስ ይለኛል።

ዳማ ጀርመን ሾርትሄርድ ፖይንተር ናት፣ ወፍ ሲሸታት ቆማ የምታመለክት የአደን ውሻ ዘር። ቡናማ ስለሆነች ነው ዳማ ያልኳት፣ እንደ ዳማ ፈረስ። ያሳደጋት እኔ ልሁን እንጂ ያስተማረን ጎረቤቴ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ በውሻ ያደነ ሽማግሌ። ገና ዘጠኝ ሳምንቷ እያለ የፌዛንት ክንፍ በክር አንጠልጥሎ ሳሩ ላይ ጣል ሲያደርገው ያቺ ትንሽዬ ነገር አንድ እግሯን አንስታ፣ ጅራቷን ወጥራ፣ ድርቅ አለች። ማንም አላስተማራትም፣ ደሟ ውስጥ ነው ያለው። እኔ በደስታ ልድገመው ስል ሽማግሌው ክንፉን ኪሱ ከተተው፣ ይሄን ካበዛህባት በዓይኗ ማደን ትለምዳለች፣ እኛ የምንፈልገው አፍንጫዋን ነው አለኝ።

ትእዛዙን በአማርኛ ነው ያስተማርኳት። እዚህ ሰው ውሻውን ለማስቆም «ዎ» ነው የሚለው፣ ለመከልከል ደግሞ «ኖ»፣ ለውሻ ጆሮ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። «ቁሚ» እና «ተይ» ግን አይምታቱም። አሁን ሽማግሌውም «ቁሚ» ነው የሚላት፣ «ቁ»ን ቢሰብራትም ለዳማ ይገባታል። ረጅም ገመድ አንገቷ ላይ አስረን፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እንድታገኘው አድርገን፣ የተደበቀች እርግብ ወዳለችበት እንወስዳታለን፣ ሽታው ሲመታት ትቆማለች፣ ያኔ ዝም ነው። ዝምታው ነው የከበደኝ። እኔ ጎበዝ፣ ጎሽ የኔ ልጅ እያልኩ አጠገቧ ስለፈልፍ ሐሳቧን ከወፉ ላይ እየነጠቅኳት ነበር ለካ። በቀን አስር ደቂቃ በቂ ነው፣ ከዛ በላይ ቡችላ ይሰለቻል።

እና ጁላይ 4፣ የአሜሪካ የነፃነት ቀን፣ መጣ። አምስት ወሯ ነበር። እኔ ከድምፅ ጋር ትላመድ ብዬ ርችቱ ያለበት ሜዳ ይዣት ሄድኩ። በገመድ ይዤ፣ ማምለጫ አሳጥቼ። ያን ሌሊት ስትንቀጠቀጥ ይዣት ገባሁ፣ ሁለት ቀን አልጋ ስር ነበረች፣ ውሃውን እዛው ነው ያስጠጋሁላት። ወለሉ ላይ ተኝቼ ዓይኗን ሳየው ምን ትዝ አለኝ፣ ግንቦት 83 የንፋስ ስልኩ ጥይት መጋዘን የፈነዳ ጊዜ። ልጅ ነበርኩ፣ እናቴ አልጋ ስር ከታኝ እሷ በላዬ ተኝታ ነበር፣ መስኮቱ ሲረግፍ ይሰማኛል። ያንን የማውቅ ሰው ነኝ ይሄን ያደረግኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሽማግሌው አልተቆጣኝም። ሙሉ ጁላይን ተኩስ የለም፣ ወፍ ብቻ አለ። እርግብ እየለቀቅን እንድታባርር ተውናት፣ «ቁሚ»ም የለ ምንም የለ፣ እስክትጠግብ። ኦገስት ላይ እሱ በብላንክ፣ ማለት ድምፅ ብቻ በሚያሰማ እርሳስ በሌለው ጥይት፣ የሚተኩስ ትንሽ ሽጉጥ ይዞ ሰማንያ ሜትር ያህል ርቆ ቆመ፣ እርግቧ ተነስታ ዳማ ከኋላ ስትበር፣ ልቧም ዓይኗም ወፉ ላይ ሲሆን፣ አንዴ ብቻ ጧ! ጆሮዋ ትንሽ ነቃ አለ፣ ሩጫዋን ግን አላቆመችም። በዚህ በቃን፣ ወደ ቤት። በየጥቂት ቀኑ አስር አስር ሜትር ይጠጋል፣ ጆሮዋን ካጠፈች ተመልሶ ይርቃል። ድምፁ ብቻውን መጥቶ አያውቅም፣ ሁሌ ከወፍ ጋር ነው፣ ያ ነው ዋናው ነገር። ለማትፈልገው ድምፅ አላመድናትም፣ የምትወደው ነገር ላይ አሰርንላት እንጂ።

እናቴ በስልክ ይሄን ሁሉ ስነግራት «ልጄ፣ ውሻ አፍ የገባ፣ ሳይባረክ የሞተ ሥጋ ልትበላ ነው?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ በኛ ቤት አይበላም፣ እኔም እስካሁን ለራሴ መልስ አላገኘሁለትም፣ ወፉን ለሽማግሌው ነው የምሰጠው። ስለ አልጋው ስር ስነግራት ግን ዝም አለችና «አይዞሽ በላት» አለችኝ።

የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ተከፈተ። ስምንት ወሯ ነው፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያወጣናት። በቆሎው ዳር፣ ሳሩ ወገብ ድረስ የሚደርስበት ቦታ ላይ ቆመች። ሄድኩላት፣ ሴት ፌዛንት ብር አለች፣ ተውኳት። ዳማ አልተንቀሳቀሰችም። ወዲያው አውራው ተነሳ፣ ያ ጩኸቱ አለ አይደል፣ እኔ እጄ ከብዶኝ ቆየሁ፣ ከጎኔ ሽማግሌው ተኮሰ፣ በእውነተኛው ሾትገን፣ እዛው አጠገባችን። እኔ ወፉ ይውደቅ አይውደቅ አላየሁም፣ እሷን ነበር የማየው። ወደ መኪናው አልዞረችም። ጅራቷ እንደተወጠረ፣ ሰማይ ሰማይ እያየች ወፉን ትፈልግ ነበር።