ግራፉ የማንን ጥያቄ ይመልሳል?

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣

እዚህ የተሰበሰብነው ቁጥር ሰብስበን፣ አጣርተንና ተንትነን ውጤቱን ለሌሎች የምናቀርብ ሰዎች ነን። አብዛኛውን የሥራ ጊዜያችንን የሚወስደው መሰብሰቡና መተንተኑ ሲሆን፣ ግራፉና ስላይዱ የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ሌሊት፣ ጉልበታችን ከተሟጠጠ በኋላ ነው። ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ግን የሚያየው ያንኑ የመጨረሻ ሌሊት ሥራ ነው። ስለዚህ ዛሬ አጥብቄ የምናገረው፣ ግራፍ ስንሠራ መነሻችን ፊት ለፊታችን የሚቀመጠው ሰው ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ይሁን የሚለውን ነው፤ በእጃችን ያለው መረጃ ብዛትም ሆነ ሶፍትዌሩ ቀድሞ የሚያቀርብልን ቅርጽ መነሻ ሊሆነን አይገባም።

ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማሳየት የቻሌንጀር የጠፈር መንኮራኩርን ታሪክ ላንሳ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ምሽት፣ የመንኮራኩሯን ማስወንጨፊያ ሮኬቶች የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች በማግስቱ የሚጠበቀው ቅዝቃዜ የሮኬቱን መጋጠሚያዎች የሚያሽጉትን የጎማ ቀለበቶች ያደነድናቸዋል ብለው ሰጉ፤ በረራው እንዲዘገይም ሐሳብ አቀረቡ። ስጋታቸውን የሚያስረዱ 13 ገጾችም በፋክስ ላኩ። በገጾቹ ውስጥ የሙቀት መጠንም ነበረ፣ የቀለበቶቹ ጉዳትም ነበረ፤ ሁለቱን አገናኝቶ ያለፉትን በረራዎች በሙሉ በአንድ ላይ የሚያሳይ ግራፍ ግን አልነበረም። ውይይቱ ያተኮረው ጉዳት በታየባቸው በረራዎች ላይ ብቻ ስለነበር፣ ከእነዚያም መካከል በቀዝቃዛ ቀን የተደረገም በሞቃት ቀን የተደረገም ስለነበረ፣ ቅዝቃዜው ከጉዳቱ ጋር ግልጽ ዝምድና ያለው አልመሰለም።

ከአደጋው በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ጉዳት ያልታየባቸውን በረራዎችም ጨምሮ ሲመለከተው ምስሉ ሌላ ሆነ። ከ65 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ በታች በተደረጉት 4 በረራዎች በሁሉም ላይ ጉዳት ታይቶ ነበር፤ ከዚያ በሞቀ አየር ከተደረጉት 20 በረራዎች ግን ጉዳት የታየው በ3ቱ ብቻ ነበር። ቻሌንጀር በተነሳችበት ሰዓት የአየሩ ሙቀት 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነበር። በ73ኛው ሰከንድ ተሰባበረች፤ የነበሩባት 7 ሰዎችም አለቁ። የዚያን ሌሊት ውሳኔ ኃላፊነት በሙሉ በግራፍ ላይ መጫን ተገቢ አይደለም፤ መሐንዲሶቹ እውነቱን ተናግረዋል፣ በላያቸው ላይም ከባድ የአስተዳደር ግፊት ነበረባቸው። ነገር ግን በክርክሩ መካከል የተነሳው ጥያቄ «ቅዝቃዜ ጉዳት ያስከትላል ወይ?» የሚል ከነበረ፣ መልሱ ያለው ጉዳት ባልደረሰባቸው በረራዎችም ውስጥ ነው። እኛም በየዕለቱ የምንዘነጋው ይህንኑ ነው፤ የታመሙትን እንቆጥርና ያልታመሙትን እንተዋለን፣ የተቋረጡትን ፕሮጀክቶች እናሳይና በተመሳሳይ ሁኔታ የተጠናቀቁትን አናስገባም።

ለራሳችን የምንሠራውና ለሌሎች የምናቀርበው ግራፍ የተለያየ ተግባር አላቸው። ለራሳችን ስንሠራ ብዙ መሣል አለብን። ፍራንሲስ አንስኮም የተባለው የስታቲስቲክስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ አራት የመረጃ ስብስቦችን አቅርቧል፤ አማካያቸው፣ ስርጭታቸውና ዝምድናቸው በቁጥር ሲሰላ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፣ በግራፍ ሲሣሉ ግን አንዱ የተበተነ ቀጥታ መስመር፣ ሌላው ጉብታ ያለው ኩርባ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ በአንድ ባፈነገጠ ነጥብ የተዛቡ ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ሃያ ግራፍ ሠርተን አሥራ ዘጠኙን ብንጥል ድካማችን ከንቱ አይሆንም። ችግሩ ሃያውንም ስብሰባ ላይ ይዘን ስንቀርብ ነው፤ ያን ጊዜ የመምረጡን ሸክም፣ ጉዳዩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያየው ሰው አሸክመነዋል ማለት ነው።

ቅርጹን በመምረጥ ረገድ የምንመራበት ጥናት አለን። ዊሊያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት፣ ሰው ይበልጥ በትክክል የሚያነጻጽረው በአንድ የጋራ መለኪያ ላይ የተቀመጡ ነጥቦችን ነው፤ ርዝመትን፣ ማዕዘንን፣ ስፋትንና የቀለም ድምቀትን ሲያነጻጽር ስህተቱ በየደረጃው እየጨመረ ይሄዳል። ብዙ ቁራሽ ያለው ፓይ ቻርት የሚያደናግረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተቀራራቢ ማዕዘኖችን ዓይን መለየት ያቅተዋል። ያንኑ መረጃ ከትልቅ ወደ ትንሽ በተደረደረ ባር ግራፍ ብናቀርበው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ባር ግራፍ በርዝመት የሚነበብ በመሆኑ ከዜሮ መጀመር አለበት፤ ከመሐል የተቆረጠ ባር ትንሹን ልዩነት ግዙፍ አድርጎ ያሳያል። ለመስመር ግራፍ ግን ይኸው ሕግ በጭፍን አይሠራም። የአንድን ታማሚ የሰውነት ሙቀት ከዜሮ በሚጀምር ዘንግ ላይ ብንሥለው ከ37 ወደ 40 ዲግሪ የወጣው ትኩሳት እንደ ጠፍጣፋ መስመር ይታያል፤ ሐኪሙም የሚፈልገውን አያገኝም። ባለ ሦስት ገጽታ ባርና ጥላ የመሳሰሉትን በተመለከተ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ንባብን ከማዛባት በቀር የሚጨምሩት ነገር የለም።

አሁን ስለ አድማጮች ልናገር፤ ከሁሉ የሚከብደኝም የሚያሳስበኝም ይህ ነው። አንድን ውጤት ለሙያ ባልደረባ፣ ለኃላፊና ለሕዝብ ስናቀርብ እውነቱ አይለወጥም፤ የሚለወጠው አድማጩ ወደ እውነቱ የሚገባበት በር ነው። የሙያ ባልደረባችን ናሙናው ስንት እንደሆነ፣ መረጃው እንዴት እንደተበተነና ከመስመር የወጡት ነጥቦች የት እንዳሉ ማየት ይፈልጋል፤ አማካዩን ብቻ ብናሳየው በትክክል ይጠራጠረናል። ኃላፊው ደግሞ በአማራጮች መካከል የሚወስን ሰው ነው፤ ስለዚህ ንጽጽሩ በአንድ እይታ ይታየው፣ ርዕሱም «የጥበቃ ጊዜ በወራት» ከሚሆን ይልቅ «አዲሱ አሠራር ከተጀመረ ወዲህ የጥበቃ ጊዜ በግማሽ ቀንሷል» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን፣ ግራፉ በእርግጥ ያንን የሚያሳይ እስከሆነ ድረስ። «ኃላፊዎች ስለ ስህተት ህዳግ መስማት አይፈልጉም» ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ አልስማማም። አንድ ግምት ከ20 እስከ 60 ሊደርስ እንደሚችል እያወቅን 40 ብቻ ብለን ብናቀርብ፣ ለከፋው ሁኔታ የመዘጋጀት ዕድሉን ከልክለነዋል።

ለሕዝብ ስናቀርብ ደግሞ ትልቁ አደጋ ያለ መነሻ የሚነገር መቶኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በብሪታንያ የመድኃኒት ደህንነት ኮሚቴ አንዳንድ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች አደገኛ የደም መርጋትን በእጥፍ እንደሚያሳድጉ አስጠነቀቀ። «በእጥፍ» መባሉ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ከ7000 ሴቶች መካከል ቀድሞ 1 ይታመም የነበረው ወደ 2 ከፍ ማለቱ ነበር። ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን አቋረጡ፣ በቀጣዩ ዓመትም በእንግሊዝና በዌልስ የውርጃ ቁጥር ጨመረ፤ እርግዝና ራሱ የደም መርጋትን ከእንክብሎቹ የበለጠ እንደሚያስከትል ልብ ይሏል። ይህንን መረጃ አንዱ ከሌላው እጥፍ በሚረዝም ሁለት ባር ብንሥለው አስደንጋጭ ምስል ይወጣዋል፤ 7000 ነጥቦች ዘርግተን ሁለቱን ብቻ በቀለም ብንለይ ግን አንዲት እናት ለራሷ መወሰን የምትችልበትን መረጃ ሰጠናት። ሁለቱም ምስሎች ሐሰት የለባቸውም፤ የእርሷን ጥያቄ የሚመልሰው ግን ሁለተኛው ነው።

ስለ ስላይድ ጥቂት ልጨምር። ስላይድ በንግግር የሚታጀብ ምስል ነው፤ ብቻውን የሚነበብ ሰነድ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ ፋይል ለማጣመር ስንሞክር አዳራሹ የማያነበው፣ አንባቢውም የማይረዳው ነገር እንሠራለን። ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2003 ከተሰባበረች በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ቦርድ ይህንን ነቅፏል። ስትነሳ ከነዳጅ ታንኳ ተላቆ ክንፏን የመታው የመከላከያ አረፋ (ፎም) ቁራጭ በሙከራ ከተጠኑት እጅግ የሚበልጥ መሆኑ በአንድ የተጨናነቀ ስላይድ ታችኛ መስመሮች ውስጥ ተቀብሮ ነበር፤ ቦርዱም ስላይዱን ያነበበ ከፍተኛ ኃላፊ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ መሆኑን ላይገነዘብ እንደሚችል ጽፏል። ዋናው ነገር በርዕሱ ይጻፍ፤ ዝርዝሩ በሚታደል ወረቀት ይሰጥ።

ቀለምም ጥንቃቄ ይሻል። ከሰሜን አውሮፓ የዘር ሐረግ ካላቸው ወንዶች ከ12ቱ 1 ገደማ ቀይንና አረንጓዴን ለመለየት ይቸገራል፤ በሌሎች ሕዝቦችም ዘንድ፣ መጠኑ ቢለያይም፣ ችግሩ አለ። ስለዚህ መስመሮችን በቀለም ብቻ ከመለየት ስማቸውን በጫፋቸው መጻፍ ይሻላል፤ ተመልካቹ በመስመሩና በቀለም መፍቻው መካከል ከመመላለስ ይድናል፣ ግራፉም ያለ ቀለም ሲታተም ይነበባል።

በመጨረሻ አንድ ልማድ እንድትጀምሩ እጠይቃለሁ። ከቀጣዩ ገለጻችሁ በፊት ዋናውን ግራፍ ጥናቱን ለማያውቅ፣ ከታሰቡት አድማጮች ጋር ለሚመሳሰል አንድ ሰው አሳዩት፤ ምንም ሳታብራሩ «ይህ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁትና የመለሰላችሁን ቃል በቃል ጻፉት። መልሱ ከርዕሳችሁ ጋር ካልገጠመ የሚስተካከለው ግራፉ ነው፤ ጊዜ ካለም ለሌላ ሰው ደግማችሁ አሳዩ።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።