ከደረት እስከ ደረት ያለው ሰዓት

የተከበራችሁ የቀዶ ሕክምና፣ የእንስሳት ሕክምና፣ የማደንዘዣና የፓምፕ ባለሙያዎች፣

የአሳማን ልብ ወደ ዝንጀሮ መትከል ሲነሣ፣ ስለ አሳማው ዘረመል ማስተካከያ የሚናገር ሞልቷል። እኔ የመጣሁት ልቡ ከአሳማው ደረት ወጥቶ ዝንጀሮው ደረት ውስጥ መምታት እስኪጀምር ስላለው ሰዓት ልናገር ነው።

የለመድነውን አሠራር ታውቁታላችሁ። ልቡን በቀዝቃዛ ፈሳሽ አቁሞ በረዶ ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ መስፋት። በረዶው ደግሞ እኩል አያቀዘቅዝም፤ የነካውን ጠርዝ ይጎዳል፣ የመሐሉን መቀዝቀዝ ያዘገያል። ስፌቱ ያምራል፣ ልቡም ይመታል። ብዙ ጊዜ ግን በ48 ሰዓት ውስጥ የግራው ክፍል መግፋት ያቅተውና ዝንጀሮው ይሞታል። ወዲያው «የሰውነት መከላከያው አልቀበልም አለ» ይባላል። ጡንቻው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ስንቴ ነው የመከላከያው ጥቃት ምልክት የታጣበት!

የሙኒክ ቡድን በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን አስታውሱ። ልቡን ዘፍዝፈው ብቻ አልተዉትም፤ መገቡት። ኦክስጅን፣ ቀይ የደም ሴል፣ ንጥረ ምግብና ሆርሞን ያለበትን ፈሳሽ በ8 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ በአኦርታው በኩል በፓምፕ አዘዋወሩለት። ግፊቱ ለምን ያን ያህል ዝቅ አለ? ከፍ ካለ ፈሳሹ ወደ ጡንቻው ይሰርጋል፤ ያበጠ ልብ ደግሞ ተዘርግቶ ደም አይሞላም። ሲሰፉም አልተዉትም፤ በየ15 ደቂቃው ለ2 ደቂቃ ፈሳሹን ይለቁለት ነበር። ከእነዚያ ዝንጀሮዎች አንዱ 195 ቀን ኖረ። የአሳማዎቹ የዘረመል ለውጥ ግን በበረዶ ተይዘው ቶሎ ከሞቱት ጋር አንድ ነበር! እንግዲህ ልዩነቱን ያመጣው ማን ነው? ፓምፑን ዛሬም «ተራ ዕቃ» እያሉ ከበጀት የሚሰርዙ ይመልሱልኝ!

ፓምፑ ብቻውን በቂ ነው አላልኩም። በፓምፕ ተይዘው የእድገቱ ነገር ያልታሰበላቸው ልቦች ከ40 ቀን አላለፉም፤ ልቡ ደረት ውስጥ እየወፈረ ራሱን አፈነ። የአሳማ አማካይ የደም ግፊት 80 አካባቢ ሲሆን የዝንጀሮው 120 ይደርሳል። ስለዚህ 195 ቀን ለኖረው ዝንጀሮ ጭምር የደም ግፊቱን አወረዱ፣ ልብን ሊያወፍር የሚችለውን ኮርቲዞን ቶሎ ቀነሱ፣ እድገቱን የሚገታውን ቴምሲሮሊመስ የተባለ መድኃኒት ጨመሩ። የተተከለውን ልብ ዕድሜ የሚያሳጥር የአሳማ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስም አለ፤ ግልገሉን ከእናቱ ቶሎ መለየትና ደጋግሞ መመርመር ግድ ነው።

ከእንግዲህ በየሪፖርቱ አኦርታው በአሳማው ከተቆለፈበት በዝንጀሮው እስከ ተከፈተበት ያለው ደቂቃ፣ የፈሳሹ ሙቀትና የፓምፑ ግፊት ይጻፍ። ያልጻፈ ሰው ሞቱን በመከላከያው ላይ አያላክክብን!