ፓርኪንሰን እና ሌሊቱ

እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ ፓርኪንሰን ላወራችሁ ፈልጌ ነው። አባቴን የያዘው ይህ ሕመም ስለሆነ ጉዳዩ የቤቴ ጉዳይ ነው።

ፓርኪንሰን ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ግን እንቅልፉ ታውኮ ነበር። ተኝቶ ይጮሃል። ሰው የሚያባርረው ይመስል ይራገጣል፣ በቡጢ ይሰነዝራል። እናቴ መጀመሪያ በመሃላቸው ትራስ ደረደረች፤ ሲብስባት አልጋ ለየች። ቅዠት ነው ተባለ፣ ጠበል ተረጨ፣ ታለፈ።

ጤነኛ ሰው ህልም በሚያይበት ሰዓት ጡንቻዎቹ አይታዘዙም። ህልሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ብቻ ይቀራል። ይህ ሥርዓት ሲበላሽ ግን ህልሙ ወደ እጅና እግር ይወርዳል። ችግሩን እ.ኤ.አ. በ1986 በግልጽ የጻፉት አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያሉ ሐኪሞች ናቸው። ከዚያ ይህ የእንቅልፍ ችግር ያለባቸውን 29 ወንዶች ለዓመታት ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጽሑፍ ከ29ኙ 11ዱ ፓርኪንሰን ወይም እሱን የሚመስል ሕመም ይዟቸዋል። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ።

ታዲያ አንጎል ውስጥ ምን እየሆነ ነው? እንቅስቃሴያችንን የሚያስተካክለውን ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል የሚያመርቱ ሴሎች በመካከለኛው አንጎል፣ ጠቆር ባለች ትንሽ ቦታ ላይ ይገኛሉ። ፓርኪንሰን የሚያጠፋው እነዚህን ነው። አንጎላችን ደግሞ ማይክሮግሊያ የሚባሉ የራሱ ዘበኞች አሉት። ቆሻሻ ይጠርጋሉ፣ ጠላት ይከላከላሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 ካናዳ ውስጥ ማክጊር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ፓርኪንሰን ይዟቸው የሞቱ ሰዎችን አንጎል ሲመረምሩ፣ እዚያችው ጠቆር ያለች ቦታ ላይ የተቆጡ ማይክሮግሊያዎች በብዛት አገኙ። የአንጎል ብግነት የሚባለው ይህ ነው። አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን ያለ ወጉ ተጣጥፎ ሲከማች ያስቆጣቸዋል። ከተቆጡ በኋላ የሚረጩት ኬሚካል ጤነኛውን ሴል ጭምር ይጎዳል። የሞተው ሴል ደግሞ መልሶ ያስቆጣቸዋል። የትኛው ቀድሞ እንደሚመጣ ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ የሰውነት ሰዓት ነገር ነው። ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ በላይ 20,000 ገደማ ሴሎች አሉ። የጠዋት ብርሃን እያዩ ቀንና ሌሊቱን ለመላው ሰውነት ይናገራሉ። እነዚያ ማይክሮግሊያዎችም የራሳቸው ሰዓት አላቸው። አይጦች ላይ ከሰዓቱ ጂኖች አንዱ ሲጠፋ ብግነቱ ተባብሷል። ብግነቱና ሰዓቱ የሚገናኙት እዚህ ጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ 2,930 አዛውንት ወንዶችን ለ11 ዓመት ያህል ተከታትሏል። እጃቸው ላይ የታሰረ መሣሪያ መቼ እንደሚንቀሳቀሱ፣ መቼ እንደሚያርፉ ይመዘግባል። የቀንና የሌሊት ልዩነታቸው በጣም የደበዘዘው ሰዎች በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው ልዩነታቸው በጣም ጎልቶ ከታየው ሰዎች ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ልብ በሉ፣ ሰዓቱ መዛባቱ ሕመሙን አመጣ ማለት አይደለም። ሕመሙ ተደብቆ ጀምሮ ሰዓቱን አዛብቶትም ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን በሁለቱም መንገድ ሌሊቱ መጠየቅ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ ሙከራ አለ። 31 የፓርኪንሰን ሕሙማን ነበሩ። ቀን ቀን እንቅልፍ የሚያስቸግራቸው ናቸው። ለሁለት ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሰዓት ደማቅ ብርሃን ፊት የተቀመጡት የቀን እንቅልፋቸው ቀንሷል። ፈውስ አይደለም። ሆኖም ቀን ሙሉ ሲያንጎላጅ የሚውል አባት ላለው ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። እኛም አባቴን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በረንዳ እናወጣዋለን። ሰዓት መቁጠር የምንጀምረው ከንጋት ስለሆነ ይህ ለእሱ እንግዳ ነገር አልሆነበትም። ማታ ቴሌቪዥኑ በጊዜ ይጠፋል። የመድኃኒቱ ሰዓት ግን ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አይነካም።

በእንቅልፉ የሚጮህ ሁሉ ፓርኪንሰን ይይዘዋል እያልኩ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ ግን ለነርቭ ሐኪም ንገሩ። ማሽተት ካቃተው፣ የሆድ ድርቀት ከጸናበት ይህንንም አብራችሁ ንገሩ። ስትሄዱ ደግሞ አጠገቡ የሚተኛውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። አባቴ "ደህና ነው የማድረው" ብሎ ነበር ለሐኪሙ የነገረው። ትራሱንም ቡጢውንም የተናገረችው እናቴ ናት።