የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ መብራት በስም ማስገባትና በደኅና መጠቀም

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ አድማጮች በስልክ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የሙያ ፈቃድ ያላቸው የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሰጧቸው መልሶች የሚከተሉት ናቸው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ በቅርቡ መጥቼ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት ተከራይቻለሁ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬ (መንግሥት ለሥራና ለግብር የሚሰጠው መለያ ቁጥር) ገና አልደረሰኝም። መብራቱን በወንድሜ ስም ላስገባው?

እህቴ፣ በራስሽ ስም አስገቢው። በሲልቨር ስፕሪንግ መስመሩ ፔፕኮ የተባለው የመብራት ኩባንያ ነው። ፓስፖርትሽን፣ የኪራይ ውልሽንና ቤቱን የምትረከቢበትን ቀን ይዘሽ፣ ከመግባትሽ ጥቂት ቀናት ቀደም ብለሽ ደውዪ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከሌለሽ በምን መታወቂያ ሊመዘግቡሽ እንደሚችሉ ጠይቂ፤ እንግሊዝኛው ካስቸገረሽም የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲያገናኙሽ ንገሪያቸው። የክሬዲት (የብድርና የዕዳ አከፋፈል) ታሪክ ስለሌለሽ መያዣ ገንዘብ ሊጠይቁሽ ይችላሉ፤ ሒሳብሽን በወቅቱ እየከፈልሽ ከቆየሽ የሚመለስ ገንዘብ ስለሆነ አትደንግጪ። በወንድምሽ ስም ከገባ ግን ችግር በተፈጠረ ቁጥር ኩባንያው የሚያነጋግረው እሱን ነው፤ የእሱ ያልተከፈለ ዕዳ ካለም መዘዙ ለአንቺ ይተርፋል። በስምሽ የሚመጣው ቢል መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የአድራሻ ማስረጃ እንደሚሆንሽም አትርሺ። በገባሽበት ቀን የቆጣሪውን ንባብ በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምንኖረው። ከየትኛው ኩባንያ መብራት ብናስገባ ይረክሳል?

መስመሩን የሚወስነው አድራሻችሁ ስለሆነ ምርጫ የላችሁም፤ እናንተ ጋ ዶሚኒየን ነው።

ጥያቄ፦ ዲሲ ውስጥ መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት በሬን አንኳኩቶ «ቢልዎን እቀንስልዎታለሁ፤ የመጨረሻውን ወረቀት ያሳዩኝ» አለኝ። ላሳየው?

አባቴ፣ አያሳዩት። በዲሲና በሜሪላንድ ሕጉ ኃይሉን ከሌላ አቅራቢ የመግዛት መብት ስለሚሰጥ ሰውየው የእውነተኛ ኩባንያ ሻጭ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ያለው የሒሳብ ቁጥርዎ እጁ ከገባ ሳይስማሙ አቅራቢዎን ሊያስቀይርበት ይችላል። ሽቦውንና ቆጣሪውን የሚያስተዳድረው ያው ፔፕኮ ነው፤ የሚቀየረው የኃይሉ ዋጋ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ዝቅ ብሎ የሚጀምር ዋጋ ከጥቂት ወራት በኋላ ሊያሻቅብ ይችላል። የቀረበልዎት ነገር ጥሩ ከመሰለዎት ውሉን በወረቀት ይቀበሉ፤ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት እንደሚያስከፍልና ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ይመልከቱ፤ ፔፕኮ ለኃይሉ ከሚያስከፍለው ጋር ያስተያዩት፤ እንግሊዝኛ የሚያነቡ ልጆችዎ ሳያዩት አይፈርሙ።

ጥያቄ፦ «በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልከፈልሽ መብራትሽ ይቆረጣል፤ የስጦታ ካርድ ገዝተሽ ቁጥሩን ንገሪን» ብለው ደወሉልኝ።

ሌቦች ናቸው። ስልኩን ዝጊና ቢልሽ ላይ በታተመው ቁጥር ራስሽ ደውለሽ አጣሪ። የሒሳብ ቁጥርሽንም በስልክ ለደወለልሽ ሰው አትስጪ።

ጥያቄ፦ ከሀገር ቤት ያስመጣሁትን ምጣድ የእህቴ ልጅ ሽቦ ቀጥሎ በልብስ ማድረቂያው ሶኬት ላይ ሰካልኝ። እንጀራው ዓይኑ ጥሩ ነው፤ ሽቦው ግን ይግላል። ጉዳት አለው?

እናቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይሰኩት እለምንዎታለሁ። ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ የቀለጠ ሶኬትና የጠቆረ ግድግዳም በየቤቱ አይቻለሁ። የሀገራችን ምጣድ የተሠራው ለ220 ቮልት ነው። እዚህ ተራው ሶኬት 120 ቮልት ስለሆነ ምጣዱን አያግለውም፤ ስለዚህ ሰዉ ወደ ማድረቂያው 240 ቮልት ይሄዳል። በዚያ ላይ ሲሰካ ከተሠራበት አቅም በአንድ አምስተኛ ያህል የበለጠ ኃይል ይስባል፤ የ3,500 ዋቱ ምጣድ ከ4,000 ዋት ያልፋል ማለት ነው። የማድረቂያው ብሬከር (መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ወርዶ ኃይሉን የሚቆርጠው ማብሪያ) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 30 አምፔር ነው፤ የሚጠብቀውም ግድግዳው ውስጥ ያለውን ወፍራም ሽቦ እንጂ ልጁ የቀጠለውን ቀጭን ሽቦ አይደለም። ስለዚህ በፕላስተር የተጠቀለለው መጋጠሚያ ሲቀልጥ ብሬከሩ ላይወርድ ይችላል። እንጀራ ሲጋገር ምጣዱ ለሰዓታት ይሠራል፤ መጋጠሚያው በግለትና በቅዝቃዜ መፈራረቅ እየላላ ይሄዳል፤ በላላ ቁጥርም የባሰ ይግላል። እርስዎ በእጅዎ የነኩት ግለት ይህ ነው። በዚያ ላይ ያመለጠ ኤሌክትሪክን የሚያስወግደው የግራውንድ ሽቦ ካልተያያዘ፣ ሊጥ የነካ እጅዎ ኤሌክትሪክ ያመለጠበትን የምጣዱን ብረት ሲነካ ሊገድልዎ ይችላል።

እዚሁ አሜሪካ የሚሸጠውን የ120 ቮልት ምጣድ የምትጠቀሙም ስሙኝ። 1,500 ዋት የሚለው ምጣድ 12.5 አምፔር ይስባል፤ በ15 አምፔር መስመር ላይ ለረጅም ሰዓት ለሚሠራ ዕቃ የሚመከረው ግን ከ12 አምፔር እንዳያልፍ ነው። ስለዚህ 20 አምፔር በሆነው የወጥ ቤት መስመር ላይ ብቻውን ይሰካ፤ በዚያው መስመር ማይክሮዌቭ አይሥራ። ምጣድ በኤክስቴንሽን አይሰካም፤ የክረምት ማሞቂያም እንደዚሁ። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ «ደከመ» እያላችሁ በትልቅ የምትለውጡ ደግሞ እባካችሁ ተዉ። 15 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር እዚያ የተቀመጠው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ 14 ቁጥር የሚባለው ቀጭኑ ሽቦ በመሆኑ ነው። በ30 ከለወጣችሁት ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ሲግል የሚያስቆመው ነገር አይኖርም፤ እሳቱም ቤተሰቡ በተኛበት ሊነሣ ይችላል። (መብራት ጠፋ ብላችሁም ከሰል ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ፤ ለቡናም ቢሆን። ከሰሉ የሚያወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ይገድላል።)

እናቴ፣ ትልቁ ምጣድ የግድ ከሆነ የአከራይዎን ፈቃድ ይጠይቁ፤ ከዚያም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ምጣዱን አይቶ፣ የሚያገለግል ከሆነ የራሱን መስመር ብሬከሮቹ ካሉበት ሣጥን (ከፓኔሉ) ይሳብለት፤ ሥራውም በካውንቲው ይመርመር። የእህትዎ ልጅ በቅንነት እንዳደረገው አውቃለሁ፤ ይህ ግን የእሱ ሥራ አይደለም።

ጥያቄ፦ በጥር የመጣብን ቢል ከቀደመው እጥፍ ሆነ። ሌላ ሰው መስመራችንን እየተጠቀመ ይሆን?

ከዚያ በፊት የቤቱን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ተመልከቱ። ማሞቂያችሁ ሂት ፓምፕ (ሙቀትን ከውጭ ስቦ የሚያስገባ) ከሆነና አንድ ሰው «ኢሜርጀንሲ ሂት» ላይ፣ ማለትም ፓምፑ ቆሞ በመጠባበቂያ ማሞቂያው ብቻ በሚሠራበት ላይ፣ ትቶት ከሆነ፣ ያንኑ ሙቀት ለመስጠት ሁለትና ሦስት እጥፍ ኃይል ሊበላ ይችላል። ንባቡ በግምት የተጻፈ መሆን አለመሆኑንም ቢሉ ላይ እዩ።

ጥያቄ፦ የቤዝመንቱ መብራት ይርገበገባል፤ ሶኬቱም የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

የዚያን መስመር ብሬከር አሁኑኑ አጥፉና አከራያችሁ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን እንዲልክ ዛሬውኑ ንገሩት። ጭስ ካያችሁ ወይም ግድግዳው ከሞቀ ቤተሰቡን ይዛችሁ ውጡና 911 ደውሉ።